በደብተሩ ውስጥ የሌሉ ቃላት

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለኝ። ሽፋኑ ከተገነጠለ ዓመታት አልፈዋል፤ ጠርዙም ሻይ ፈሶበት ቡናማ ሆኗል። ውስጡ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከቅርብ ጓደኛዬ ጋር የፈጠርነው ቋንቋ መዝገበ ቃላት ነው። በግራ በኩል የእኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል አማርኛው ተጽፏል። ባለፈው ሰሞን ለቅዳሜው የወጣቶች ትምህርት ስዘጋጅ ከመጻሕፍቴ መካከል አገኘሁትና ቁጭ ብዬ ቃላቱን ቆጠርኳቸው፤ 312 ናቸው። ለኳስ ቃል አለን። ለዳቦ፣ ለዝናብ፣ ለርእሰ መምህሩ፣ ለርእሰ መምህሩ አርጩሜ ሳይቀር ቃል አለን። «ከ» ግን የለም። «ወደ» የለም። «ጋር» የለም። «ስለ» የለም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እነዚያ ስለሌሉት ቃላት ነው። ነገሩ የልጅነት ጨዋታ ቢመስልም እኔን አንድ ወዳጅ አሳጥቶኛል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ያለ መገጣጠሚያ የተሠራ ቤት

ያደግነው ሻሸመኔ ነው። ብዙዎቻችሁ የወፍ ቋንቋን ሳታውቁት አትቀሩም። እኛ ሰፈር በቃሉ ፊደላት መካከል «ዝ»ን እየሰካን በፍጥነት እናወራ ነበር፤ ያልለመደ ሰው ምንም አይሰማም። ችግሩ ታላቅ እህቴ ለምዳዋለች። አንድ ቀን ስኳር እንድንገዛ ተልከን ከመልሱ ላይ ከረሜላ እንደገዛንበት በወፍ ቋንቋ ስናወራ ሰምታ ለእናቴ አቀበለቻት። የሆነው ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ «ማንም የማይፈታው ቋንቋ ያስፈልገናል» ተባባልን።

የጀመርነው ከስሞች ነው። ቤት «ቱሊ» ተባለ፤ ሌሊት «ጋሪማ»፣ አጎት «ሎቂ»፣ መናኸሪያ «ዳንቦ»። እኔ «ኑ»፣ አንተ «ሶ»። ቀጥለን ግሦቹን አወጣን፤ መጠበቅ «ፊሻ» ሆነ። በየቀኑ ከትምህርት ስንመለስ አሥር አሥር ቃል እንጨምር ነበር። ትንንሾቹ ቃላት ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ እስክሪብቶውን አንሥቶ «እነዚህስ?» አለኝ። «እነሱ ደግሞ ምን ያደርጋሉ? ያለ እነሱም ይገባናል» አልኩት። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ይህን አልደብቃችሁም። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ የሚደጋገሙ ቃላት ከሌሉ እህቴ ቋንቋችንን መፍታት እንደማትችል አስረድቼ አሳመንኩት።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የጓደኛዬ አባት ወደ ድሬዳዋ ተዛወሩ። ቤተሰቡ ዕቃውን አስቀድሞ ልኮ የመጨረሻዎቹን ቀናት በአጎቱ ቤት ተጠግቶ አሳለፈ። እኛ ደግሞ በዚያው ሳምንት ተኳርፈናል። ምክንያቱ ዛሬ ሲነገር ያሳፍራል፦ የሰፈር ጨዋታ ላይ «ጎል ነው»፣ «አይደለም» ተባባልን፤ እኔ ክፉ ቃል ተናገርኩት፤ እሱም ኳሱን ወርውሮልኝ ሄደ። አራት ቀን አልተነጋገርንም። በአምስተኛው ቀን ማታ ታናሽ ወንድሙ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጥቶኝ ሮጠ። ወረቀቷ ዛሬም በደብተሩ ውስጥ አለች። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሪማ ኑ ሎቂ ቱሊ ዳንቦ ሶ ፊሻ።»

ቃል በቃል ሲፈታ፦ ሌሊት፣ እኔ፣ አጎት፣ ቤት፣ መናኸሪያ፣ አንተ፣ መጠበቅ።

በደስታ ዘለልኩ። ታርቀናል ማለት ነው! እኔ ያነበብኩት እንዲህ ነበር፦ «ሌሊት እኔ አጎቴ ቤት ነኝ፤ ወደ መናኸሪያ አብረን እንድንሄድ አንተን እጠብቅሃለሁ።» ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቼ አጎቱ ደጃፍ ደረስኩ። የቆርቆሮው በር ተዘግቷል። «ሊወጡ ነው» እያልኩ ቆምኩ። ብርዱ ያንቀጠቅጥ ነበር። አንኳኩቼ ሰው ላለመቀስቀስ ብዬ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ሲነጋጋ አንዲት ሴትዮ ከግቢው ወጡና «ልጄ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ? እነሱ እኮ በ10 ሰዓት ነው የወጡት» አሉኝ። እስከ መናኸሪያው ያለ ማቋረጥ ሮጥኩ። ስደርስ አውቶቡሱ ወጥቷል። የቀረው የናፍጣ ሽታና ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ነበረች።

እሱ የጻፈው ሌላ ነበር፦ «ሌሊት እኔ ከአጎቴ ቤት ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ አንተ እዚያ ጠብቀኝ።»

አያችሁ? ሰባቱም ቃላት በትክክል ገብተውኝ ነበር። አንዱም አልጠፋኝም። የጠፋው በቃላቱ መካከል የነበረው ነው።

ቋንቋ የፈጠሩ ሰዎች

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ልሳን መማር ስጀምር ቋንቋ የፈጠርነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን አወቅኩ። ከእኛ በፊት ሊቃውንት፣ ካህናትና ሐኪሞች ሞክረውታል፤ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰውበታል። እኔ ግን የእያንዳንዱን ቋንቋ መጽሐፍ ባገኘሁ ቁጥር በመጀመሪያ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ትንንሾቹን ቃላት ምን አደረጓቸው?

እ.ኤ.አ. በ1668 ጆን ዊልኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የቼስተር ጳጳስ ሆኖ ተሾሟል። ሕልሙ እያንዳንዱ ቃል የነገሩን ባሕርይ ራሱ የሚናገርበት ቋንቋ መፍጠር ነበር። ስለዚህ ዓለምን ሁሉ፣ ከድንጋይ እስከ መላእክት፣ በ40 ታላላቅ ክፍሎች መደበ። እኔና ጓደኛዬ በ312 ቃላት የሞከርነውን እሱ በሺህ በሚቆጠሩ ቃላት ሞከረው ማለት ነው። እንደ እኛ ግን ትንንሾቹን አልዘለላቸውም። የሰው ልጅ የሚያስፈልጉት መስተዋድዶች 36 ናቸው ብሎ ወሰነ፤ እነሱንም 18 ጥንድ አድርጎ አሰለፋቸው። ቦታን የሚያመለክቱትን በሥዕል ጭምር አስረዳ። ስለ ሰማይና ስለ ምድር ብዙ ገጽ የጻፈ ሰው «ላይ» እና «ታች»ን ለማስረዳት ሥዕል ማስፈለጉ ይገርመኛል። ትንሽ ቃል በሌላ ቃል አይፈታም፤ እንዲህ ነው ተብሎ በጣት ይታያል እንጂ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ዮሐን ማርቲን ሽላየር የተባለ ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስ «ቮላፒዩክ» የተሰኘ ቋንቋ አወጣ። «ቮል» ዓለም፣ «ፒዩክ» ቋንቋ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለችው «አ» የእኛ «የ» ናት፤ የዓለም ቋንቋ። ያችን አንዲት ፊደል ብታወጡ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይቀራሉ። ሽላየር ትንንሾቹን ቃላት በስሞች ጅራት ላይ ሰፋቸው፤ «ዶም» ቤት ቢሆን «ዶማ» የቤት፣ «ዶሜ» ለቤት፣ «ዶሚ» ቤትን ይሆናል። ቋንቋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአውሮፓ ተስፋፋ። ከዚያም የቋንቋው ሰዎች «ይሻሻል» እና «የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው» በሚል ተጣሉ፤ ቮላፒዩክም ተዳከመ። ሰዎችን ለማስማማት የወጣ ቋንቋ የራሱን ሰዎች ማስማማት አልቻለም። ይህን ሳነብ የእኔና የጓደኛዬ ጎል ትዝ አለኝ።

ልቤን ከሁሉም በላይ የያዘው ግን ኤስፔራንቶ ነው። ፈጣሪው ሉድቪክ ዛሜንሆፍ የዓይን ሐኪም ነበር። በተወለደባት በቢያሊስቶክ ከተማ አይሁድ፣ ፖላንዳውያን፣ ሩሲያውያንና ጀርመናውያን በየቋንቋቸው ተከፋፍለው ይኖሩ ስለነበር፣ ገና በልጅነቱ የጋራ ቋንቋ ቢኖር ጠቡ ይበርዳል ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1887 በዋርሶ የመጀመሪያዋን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሰዋስዉ 16 ሕጎች ብቻ ነበሩት።

ዛሜንሆፍ ለእያንዳንዱ መስተዋድድ አንድ የተወሰነ ትርጉም ለመስጠት ጣረ። የእኛን «በ» አስቡ። «በቤት»፣ «በመኪና»፣ «በሁለት ሰዓት»፣ «በሺህ ብር» እንላለን፤ አንዷ ፊደል ቦታም፣ መሣሪያም፣ ጊዜም፣ ዋጋም ትሆናለች። በኤስፔራንቶ ግን ቦታው «ኤን»፣ መሣሪያው «ፔር»፣ ዋጋው «ፖር» ይሆናል። «ግላሶ ዳ አክቮ» ካላችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ማለታችሁ ነው፤ «ግላሶ ዴ አክቮ» ካላችሁ የውሃ ብርጭቆ ማለታችሁ ነው። የተጠማ ሰው በ«ዳ» እና በ«ዴ» መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ባዶ ሊሆን ይችላል!

እንዲሁም «ኤን ላ ዶሞ» ሲል ቤት ውስጥ ማለቱ ነው። መጨረሻው ላይ «ን» ጨምሮ «ኤን ላ ዶሞን» ሲል ወደ ቤት ውስጥ መግባቱ ነው። በአጋጣሚ የእኛም የተሳቢ ምልክት «ን» ናት። «ውሻ ሰውን ነከሰ» ከሚለው ላይ «ን»ን አንሥታችሁ ቃላቱን አገላብጡ፤ ማን ማንን እንደነከሰ ታጣላችሁ። የጓደኛዬ «ሶ ፊሻ» ላይ የጎደለችው አንዷ ፊደል ይህችው «ን» ነበረች። ሰውየው እኔ ጠባቂ ልሁን ወይስ ተጠባቂ?

አሁን ግን እጅግ የምወደውን ልንገራችሁ። ዛሜንሆፍ ይህን ሁሉ ካደላደለ በኋላ አንድ ነገር ተረዳ፦ በቃላት መካከል ያለው ዝምድና ሁሉ ተቆጥሮ አያልቅም። እያንዳንዱን ሰይሞ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ በ14ኛው ሕጉ ላይ የራሷ የሆነ ትርጉም የሌላት አንዲት መስተዋድድ አስቀመጠ፤ ስሟ «ዬ» ነው። የትኛውን እንደምትጠቀሙ ካልታወቃችሁ «ዬ» በሉ አለ። ለምሳሌ «በሁለት ሰዓት» ለማለት በ«ዬ» ይናገራሉ። እኔ በሰባተኛ ክፍል «ትንንሾቹ አያስፈልጉም» ብዬ ሰረዝኳቸው። እሱ ግን ሁሉንም ማሟላት እንዳልቻለ ባወቀ ጊዜ እንኳ ቦታውን ክፍት አልተወውም፤ «እዚህ ጋ ዝምድና አለ፤ ስሙን ብቻ አላወቅኩም» የምትል ምልክት ተከለበት። ይህ ትሕትና ይመስለኛል።

ዛሜንሆፍ ብሉይ ኪዳንን በሙሉ ወደ ኤስፔራንቶ ተርጉሟል። እሱ ካረፈ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1926 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋው ታትሟል። እንደ አስተማሪ ይህን ሳስብ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። እኛ በአማርኛ ክርስቶስ «ስለ እኛ» ሞተ ስንል በአንዲት «ስለ» ውስጥ ብዙ ነገር እናሳልፋለን። በኤስፔራንቶ «ፖር» ለእኛ ጥቅም ይሆናል፤ «ፕሮ» በእኛ ምክንያት ይሆናል፤ «አንስታታው» በእኛ ፈንታ ይሆናል። ተርጓሚ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ማለፍ አለበት። የትኛውን ትመርጡ ነበር? ክፍሌ ውስጥ ይህን ጥያቄ ሳነሣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረን አልጨረስንም። የእምነታችን ትልቁ ነገር በስምና በግሥ ብቻ አልቆመም፤ በትንሿ ቃል ላይም ቆሟል።

ሲያንስም ችግር ነው

ቁጥራቸውን ማሳነስ የሞከሩም አሉ። ቶኪ ፖና የተባለውን ቋንቋ ካናዳዊቷ ሶኒያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ አደረገችው። ቋንቋው በሙሉ ወደ 120 በሚጠጉ ቃላት ብቻ ይነገራል። ከደብተራችን በእጅጉ ያነሰ ነው ማለት ነው! ሆኖም ከዚያች ጥቂት ቃል ውስጥ አምስቱን ለመስተዋድድነት አስቀምጣለች። «ታዋ» ወደ፣ ለ፣ ደግሞም መሄድ ማለት ነው፤ «ታን» ከ እና በ...ምክንያት ማለት ነው፤ «ሎን» በ...ላይ፣ በ...ውስጥ፣ ደግሞም መኖር ማለት ነው።

የቋንቋው ተማሪዎች የሚያውቁት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ሚ ፓና ኤ ቶሞ ታዋ ሲና።» «ሚ» እኔ፣ «ፓና» መስጠት፣ «ቶሞ» ቤት፣ «ሲና» አንተ ነው። «ታዋ»ን እንደ «ለ» ከወሰዳችሁት «ለአንተ ቤት እሰጣለሁ» ይሆናል። ነገር ግን «ቶሞ ታዋ» አንድ ላይ ሲነበብ የሚሄድ ቤት፣ ማለትም መኪና ነው። እንግዲያውስ «የአንተን መኪና እሰጣለሁ» ሊሆን ነው። በአንደኛው ንባብ ሰውየው ቤት ይሰጣችኋል፤ በሁለተኛው መኪናችሁን ለሌላ ይሰጥባችኋል። ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ ያ የቆርቆሮ በር ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

የኦክስፎርዱ መምህር ቶልኪን ደግሞ ለተረቶቹ በፈጠረው ክዌንያ በተባለው ቋንቋ ትንንሾቹን ከስሙ ጋር አዋሐዳቸው። «ኪርያ» መርከብ ነው፤ «ኪርያና» ወደ መርከብ፣ «ኪርያሎ» ከመርከብ፣ «ኪርያሴ» በመርከብ። በዓለም ላይ ለሌለ ሕዝብ፣ ለሌለ መርከብ ሳይቀር መምጣትና መሄድን ለይቶለታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዝማሪዎቻችን ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ቮልፍ ሌስላው የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ እሱንና ሌሎች የአገራችንን የምስጢር ንግግሮች መዝግቧል። አዝማሪዎቹ ትልልቆቹን ቃላት ይለዋውጧቸዋል፤ ሰዋስዉ ግን የአማርኛው ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ እኔ መጽሐፍ አላገላበጡም፤ ሆኖም አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ ግድግዳውን መቀባት ትችላለህ፤ ምሰሶውን ከነቀልክ ግን ቤቱ ይወድቅብሃል።

ይወድቅብሃል አልኩ። እስቲ ይህችን «ብ» ተመልከቷት።

ለ እና በ

አማርኛችን ትንንሾቹን ቃላት ከግሡ ሆድ ውስጥ ሳይቀር ያስገባቸዋል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። አንደኛው ሰውየ ከችሎት እየተሳቀ ይወጣል፤ ሁለተኛው ታስሮ ይወጣል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንዲሁ ናቸው። «በሩን ዘጋልኝ» ስትሉ ወዳጅ ነው፤ «በሩን ዘጋብኝ» ስትሉ ታሪኩ ሌላ ነው። በሩም ያው በር ነው፤ መዝጋቱም ያው መዝጋት ነው። የተለወጠው ሰውየው ከእኔ ወገን መቆሙ ወይም አለመቆሙ ነው።

የቃሉን ትርጉም ራሱን ተመልከቱ። ሊቃውንቱ እነዚህን ቃላት «መስተዋድድ» ብለው ሰየሟቸው። ከመዋደድ ነው። የሚያገጣጥሙ፣ የሚያዋድዱ ማለት ነው። አናጢ ሁለት እንጨት በልኩ ሲገጥምለት «ተዋደደ» ይላል፤ ሁለት ሰዎች ሲፋቀሩም «ተዋደዱ» እንላለን። እኔ ከቋንቋችን የሰረዝኩት ይህን ነበር።

እስቲ በዚህ ሳምንት የተናገራችሁትን አስታውሱ። «ስለ እሷ አወራን» ብላችኋል ወይስ «ከእሷ ጋር አወራን» ብላችኋል? በኤስፔራንቶ አንደኛው «ፕሪ» ነው፤ ሁለተኛው «ኩን» ነው። በአገልግሎት ያሳለፍኳቸውን ዓመታት ወደ ኋላ ስመለከት ያየኋቸው ቁርሾዎች አብዛኞቹ የተፈጠሩት እዚህ ላይ ነው። ከእሱ ጋር መነጋገር የነበረብን ሰዎች ስለ እሱ ተነጋገርን። «እንጸልይለት» ብለን ጀምረን ስንጨርስ ፈርደንበት ተነሣን። ይህን የምለው እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ከእናንተ የባሰ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሃያ ዓመት በ«ስለ»

ከዚያ ሌሊት በኋላ ለጓደኛዬ አልጻፍኩለትም። አድራሻውን አጎቱን ብጠይቅ አላጣውም ነበር። ግን ቅር ብሎኛል። «እጠብቅሃለሁ ብሎ ጥሎኝ ሄደ» ብዬ ደመደምኩ። ስንት ጊዜ ስለ እሱ እንዳወራሁ! ለእህቴ ነገርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ነገርኩ፤ አንድ ጊዜ ስለ ይቅርታ ሳስተምር ስሙን ሳልጠራ እንደ ምሳሌ አነሣሁት። በምሳሌው ውስጥ ይቅር ባዩ እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ስለ» ብቻ እንጂ «ጋር» አልነበረም።

ደብተሩን ባገኘሁ ጊዜ ወረቀቷን እንደገና አነበብኳት። ዕድሜና ትምህርት ጨምሬ ሳያት በመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛው ንባብ ታየኝ። እጄ ቀዘቀዘ። በቀጣዩ ቅዳሜ ወረቀቷን ገልብጬ ታሪኩን ሳልነግራቸው ለክፍሌ ወጣቶች ሰጠኋቸው፤ ሰባቱን ቃላት በአማርኛ ጻፍኩላቸውና «መልእክቱ ምንድን ነው?» አልኳቸው። 14 ሰዎች ነበሩ፤ አራት ዓይነት መልእክት አወጡ። አንዷ ልጅ «መናኸሪያ ጠብቀኝ ነው የሚለው፤ ሌላ ምን ሊል ይችላል?» አለች። ሌላው «አጎቴ ቤት እጠብቅሃለሁ ነው እንጂ!» ብሎ ተከራከራት። ልክ እንደ እኔ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። የድሮ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠይቄ ስልኩን አገኘሁ። ከመደወሌ በፊት ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ መለስኩት። ድምፁ ተለውጧል፤ አሳሳቁ ግን ያው ነው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ ዝም አልን።

«ጠብቄህ ነበር እኮ» አለኝ።

«እኔም» አልኩት።

«የት?»

«አጎትህ ደጃፍ ላይ።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ነገረኝ። በመናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። አባቱ «ግባ» እያሉት አልገባም ብሎ፣ ረዳቱን «ትንሽ ብቻ ጠብቅልኝ» እያለ ለምኖታል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት እያየ ነበር። «በኳሱ የተነሣ እንዳኮረፍክ ነበር የማስበው። ይቅርታ ብዬ ጽፌ እንኳ ሳይመጣ ቀረ አልኩ» አለኝ። ለካ እሱም ሃያ ዓመት ተቀይሞኛል፤ ለካ እሱም ስለ እኔ አውርቷል።

ወረቀቷን በስልክ አነበብኩለት። ገና ሳልጨርስ አቋረጠኝ፦ «ግልጽ እኮ ነው! ከአጎቴ ቤት ወደ መናኸሪያ፣ አንተ ጠብቀኝ!»

«እሺ፣ "ከ" የታለ? "ወደ" የታለ?» አልኩት።

በጣም ሳቀ። «አንተ አይደለህ እንዴ አያስፈልጉም ያልከው?»

አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ለጎሉም፣ ለክፉው ቃልም፣ ለሃያው ዓመትም። እሱም ጠየቀኝ። በአማርኛ ነው የተነጋገርነው፤ በሙሉ አማርኛ፣ ከነመስተዋድዱ።

ወዳጆቼ፣ ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምናልባት እናንተም አንድ ሰው በልባችሁ ውስጥ ተቀይማችሁ ይሆናል። የተናገራችሁን፣ የጻፈላችሁን ቃል በቃል ታስታውሱት ይሆናል። ቃሎቹ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለውን ግን እናንተ ሞልታችሁት እንዳይሆን። ስለ እሱ ማውራታችሁን ለአንድ ቀን ተዉትና ደውሉለት፤ ከእሱ ጋር አውሩ። ምን ማለቱ እንደነበረ ራሱን ጠይቁት።

ደብተሩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከ312ኛው ቃል በታች ባዶ መስመር ነበረ። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ በስልክ አንድ ቃል አወጣና እኔ ጻፍኩት። 313ኛ፦ «ሚሩ»። በቀኝ በኩል አማርኛው፦ «ጋር»።